የእነ ገብረ መድህን ዓይን

አቶ እንደሻው ገብረ መድህን በዚያ ቀን ከቤታቸው ሲወጡ ከማንም ጋር የመጣላት ሐሳብ አልነበራቸውም። ገብሳቸውን ለነጋዴ አስረክበው፣ ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ፣ የአሴላን ዳገት ቀስ እያሉ ይወጡ ነበር። የጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቧል፤ ካፊያውም ጀምሯል። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ጋ ሲደርሱ ምራታቸው ናዝሬት ልጇን መክሊትን ይዛ ስትወጣ ሳይታሰብ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የአምስት ዓመቷ መክሊት መነጽር አድርጋለች፤ ከመነጽሩ ሥር ደግሞ ቀኝ ዓይኗ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ማን መታት?» አሉ አቶ እንደሻው።

ናዝሬት ደነገጠች። ማንም እንዳልመታት፣ ሐኪም ያዘዘላት መሆኑን፣ የደከመው ግራ ዓይኗ እንዲበረታ ደህናው ቀኝ ዓይኗ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እንደሚሸፈን በተቆራረጠ ቃል አስረዳች። አቶ እንደሻው ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተሸፈነው ደህናው ዓይን መሆኑን። ጎንበስ ብለው መነጽሩን አወለቁ፤ ፕላስተሩንም ከልጅቷ ፊት ላይ ላጥ አድርገው ጭቃው ላይ ጣሉት። ልጅቷ ጮኸች፤ መንገደኛውም ዞር ዞር እያለ አየ።

የአቶ እንደሻውን ቁጣ ለመረዳት ስለዚህ ቤት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእነ ገብረ መድህን ዘር ግራ ዓይኑ ወደ አፍንጫው ዘንበል ይላል። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ ላይ ጎጆ ከቀለሱበት ዘመን ጀምሮ ቤቱ በዚህ ዓይን ይታወቃል፣ ይኮራበታልም። ሕፃን ተወልዶ ግራ ዓይኑ ሸወር ሲል ሴቶቹ «ዘሩን አሳየ» ብለው እልል ይላሉ። ዓይኑ ቀጥ ያለ ሕፃን ሲመጣ እልልታው ቀዝቀዝ ይላል፤ እናትየዋም በጎን ትታያለች። የመክሊት ዓይን ሲዘነብል አቶ እንደሻው በግ አርደው ጎረቤት አብልተዋል። እንግዲህ በግ የታረደለት ዓይን ነው ዛሬ በሽታ ነው የተባለው። ድንቁርና ሲያለቅስ ያሳዝናል፤ እልል ሲል ግን ያናድዳል፤ ይህን ታሪክ የሚተርከውም ሰው ሲናደድ እንጂ ሲያዝን አልጻፈውም።

በዚያው ሰዓት በመንገዱ ባሻገር ሃዊ ከባጃጅ ወረደች። ሃዊ የጎረቤታቸው የአቶ አብዲሳ ልጅ ናት፤ የዓይን ምርመራ ተምራ በከተማው በአንድ የዓይን ክሊኒክ ትሠራለች። የመዋዕለ ሕፃናቱን ልጆች ዓይን የመረመረችውም፣ የመክሊትን ፕላስተርና መነጽር ያዘዘችውም እሷው ናት። ጭቃው ላይ የወደቀውን ስታይ እግሯ ቀጥ አለ።

«እንደምን ዋሉ አባባ? ይህን ማን ነው የጣለው?»

«እኔ ነኝ። ያዘዝሽውስ አንቺ ነሽ?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«የታመመውን ትቶ ጤነኛውን የሚያስር ሐኪም የት ነው የታየው? እኔ በሬ ሲያነክስብኝ ያነከሰውን አሳርፋለሁ እንጂ ደህናውን አላስርም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ።»

ሃዊ ስድቡን ዋጠችው። «ያነከሰ በሬ ቢሆን እኔም አሳርፈው ነበር» አለች። «ይህ ግን ያነከሰ አይደለም። ጓደኛው ሲጎትትለት ቀንበር ተሸክሞ ብቻ የሚሄድ ነው። እንዲህ ያለውን በሬ እርስዎ ያሳርፉታል?»

አቶ እንደሻው መልሱን ያውቁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ ሰው ናቸው። ነገር ግን በሰው ፊት፣ በመንገድ ላይ፣ እሳቸው ባዘሏት ልጅ መረታት አልዋጥ አላቸው። ጉዳዩን ከአባቷ ጋር እንደሚጨርሱት ነግረዋት የመክሊትን እጅ ይዘው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ናዝሬት መነጽሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከኋላ ተከተለች።

ያሉትንም አላስቀሩም። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የአጥሩን መሹለኪያ አልፈው አቶ አብዲሳ ቤት ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ በአማርኛ የጀመረውን ሌላው በኦሮምኛ የሚጨርስ የልጅነት ጓደኞች ናቸው።

«አብዲሳ፣ ልጅህን ያዝልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ማሎ፣ እባክህ እንደሻው፣ መጀመሪያ አረፍ በል» አሉ አቶ አብዲሳ። ሃዊንም ከጓዳ ጠርተው አስቀመጧት። ሁለቱም እንዲነጋገሩ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያዳምጥ፣ ከዚህ ቤት ግን ተጣልቶ የሚወጣ እንዳይኖር ሕግ አወጡ።

አቶ እንደሻው ክሳቸውን ዘረዘሩ። ዓይኑ የፈጣሪ ሥራና የዘር ምልክት ነው አሉ። ልጅቷ መሬት ላይ የወደቀ መርፌ ፈልጋ የምታነሳ ናት፤ አታይም ማለት ውሸት ነው አሉ። መነጽር ዓይን ያደክማል፣ የሰፈር ልጆችም «አራት ዓይና» ይሏታል፤ ኋላም ባል የሚያይላት አታገኝም አሉ። ሃዊ አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። መነጽር ዓይን እንደማያደክም፣ ለልጅቷ የታዘዘውም ተለክቶ መሆኑን ነገረቻቸው። ባል ስለማግኘቱ ግን መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም፤ ስለ አምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማንሳቱ ራሱ አሳፍሯታል።

«መርፌውን ያነሱት ግን እውነት ነው፤ ታነሳለች» አለች። «የምታየው ግን በቀኟ ብቻ ነው። ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ አንዱ ለሁለት ይሠራል፤ እሷም አታውቅም፣ እናንተም አታውቁም። እኔ ስመረምራት ግራዋን ስሸፍን የሥዕሎቹን ስም እየሳቀች ነገረችኝ። ቀኟን ስሸፍን እጄን ገፍታ አለቀሰች። መምህሯ እልኸኛ ናት አለችኝ። እልኸኛ አይደለችም አባባ። ጨልሞባት ነው።»

አቶ እንደሻው ግን፣ «እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ታዲያ ምን አጣደፈሽ? ትደግና ነፍስ ስታውቅ በራሷ ፈቃድ ትታከማለች» አሉ።

«የማይሆነው እሱ ብቻ ነው።» የሃዊ ድምፅ ከፍ አለ። «የልጅ አንጎል ማየትን የሚማረው አሁን ነው። የዘነበለው ዓይን የሚያመጣለት ምስል ከሌላው አልገጥም ሲለው ይተወዋል። ትቶት ከቆየ በኋላ ዓይኑ ምንም ጤነኛ ቢሆን የሚቀበለው የለም። ሰባት ስምንት ዓመት ካለፋት ማዳኑ እየከበደ ይሄዳል። ካደገች በኋላ ዓይኗን በቀዶ ሕክምና ቀጥ ማድረግ ይቻል ይሆናል፤ እንዲያይ ማድረግ ግን ላይቻል ይችላል። እርስዎ ትደግ ሲሉ ትታወር ማለትዎ ነው፤ አላወቁትም እንጂ።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ አቶ እንደሻው ፊታቸው ቀልቶ።

«እኔን ይስደቡኝ፤ ለምጄዋለሁ። ልጅ ሲያተኩሰው ግማሽ ቀን ሳይሞላ ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። ዓይኑ ሲዞር ግን እልል ትላላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።»

ነገሩ መክረሩን ያዩት አቶ አብዲሳ ሻይ እንዲቀዳ ጠየቁ። አቶ እንደሻው በዚህ ቤት እንግዳ ስላልሆኑ ፔርሙዙን ራሳቸው አነሱ። ለጓደኛቸው ሲቀዱም እንደ ልማዳቸው ግማሹ ብርጭቆው ውስጥ፣ ግማሹ ትሪው ላይ ፈሰሰ። አቶ አብዲሳ ሳቁ። በሰፈሩ የታወቀ ቀልድ ነው፤ እነ ገብረ መድህን ሲቀዱ መጀመሪያ የሚጠጣው ጠረጴዛው ነው ይባላል። የቤቱ ሰዎች ደግሞ ይህንንም ወደ ክብር ለውጠውታል፤ የእኛ እጅ ቸር ስለሆነ ያትረፈርፋል ይላሉ።

ሃዊ ግን አልሳቀችም። ትሪውን አየች፤ ቀጥላ የአቶ እንደሻውን ዘንበል ያለ ግራ ዓይን አየች።

«አባባ፣ እባክዎን አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑልኝ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

አቶ እንደሻው የልጅ ጨዋታ ውስጥ እንደማይገቡ ተናገሩ። አቶ አብዲሳ ግን፣ «ስለ እኔ ስትል አድርገው» አሏቸው፤ ለጓደኛ ይህን ማለት ደግሞ የዋዛ አይደለም። አቶ እንደሻው እየተነጫነጩ መዳፋቸውን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ጫኑ።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው የአብዲሳ ፊት ጠፋ። ነጭ ጺሙ፣ ኮፍያው፣ ሳቁ፣ ሁሉም ጭጋግ ሆነ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ የት እንዳለ እንኳ ለዩት ማለት ያስቸግራል። መዳፋቸውን አነሱት፤ አብዲሳ ተመልሶ መጣ። እንደገና ሸፈኑ፤ እንደገና ጠፋ። በዚህ ሁሉ ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ አንዱን ዓይናቸውን ሸፍነው በሌላው አይተው አያውቁም ነበር።

«እርጅና ነው» አሉ በመጨረሻ። «የዓይን ሞራ ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሃዊ። «ሳይመረመሩ አይደለም ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ሻዩ የሚፈስሰው በእርጅና ነው? ሰው ርቀትን አሳምሮ የሚለካው ሁለቱ ዓይኖቹ ሲተባበሩ ነው። በአንዱ ብቻ የሚያይ ሰው የብርጭቆው አፍ የት እንደሚጀምር መለየት ያቅተዋል።»

አቶ አብዲሳ መሳቃቸውን አቁመዋል። «ከልጅነቱ ጀምሮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ኳስ ስንወረውርለት ሁልጊዜ ፊቱን ነበር የሚመታው። እኛ ደግሞ እንስቅ ነበር።»

አቶ እንደሻው ሻያቸውን ሳይጠጡ ተነሱ። ተጣልቶ መውጣት የለም የሚለውን ሕግ እንዳይጥሱ ብቻ «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን ሞኝ አልነበሩም፤ የያዙትን እንዲለቁ የሚያስገድዳቸው ሌላ ነገር መንገዱን ሁሉ ተከትሏቸው ነበር። የልጃቸው የይበልጣል ነገር ነው።

ይበልጣል የመክሊት አባት ነው። ጎረምሳ ሳለ ምኞቱ ሁሉ የጭነት መኪና መንዳት ነበር። ለመንጃ ፈቃድ ሲቀርብ ዓይኑን የመረመረው ሰው አላሳልፍም አለው። አቶ እንደሻው ያኔ ጃንጥላቸውን ይዘው ሄደው ቢሮውን በጩኸት አደበላለቁት። ጉቦ ስላልሰጠን ነው አሉ፤ መርማሪውን ሌባ ብለው በሰው ፊት ሰደቡ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገናኙ ሰላም አይሉትም። ይበልጣልም ምኞቱን ትቶ እስከ ዛሬ የሰው መጋዘን ይጠብቃል።

ቤት ሲደርሱ ይበልጣል ከሥራ ተመልሶ መክሊትን አቅፎ ተቀምጧል። አቶ እንደሻው ጃንጥላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ «ቀኝ ዓይንህን ሸፍን» አሉት።

ይበልጣል አልሸፈነም። ልጅቷን ከጭኑ አውርዶ ወደ እናቷ ላካትና ቆመ።

«መሸፈን አያስፈልገኝም አባዬ። በግራዬ እንደማላይ አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ። ሰውየው በጨዋ ደንብ አስረድቶኝ ነበር። በልጅነትህ ቢደረስልህ ኖሮ ይድን ነበር አለኝ። ቤት መጥቼ ልነግርዎት ስል እርስዎ ጃንጥላዎን አንስተው ወጡ። ያንን ሰው ሌባ ሲሉት በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ምንም ያልወሰደ ሰው ነው። እኔም ዝም አልኩ።»

ይበልጣል በአባቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አሁን ግን ከፍ አደረገው።

«በግ ሲያርዱም ዝም አልኩ። ሥጋውን ከሰው ጋር በላሁ። ሃዊ ናት ነገሩ ከቤተሰብ ሊወረስ ይችላል፣ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል ያለችኝ። ፕላስተሩን ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ናዝሬትን አይቆጧት። የእኔን ዓይን ለክብርዎ ትቼልዎታለሁ አባዬ። የእሷን ግን አልተውልዎትም። ነገም ከላጡት ልጄን ይዤ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

አቶ እንደሻው በሕይወታቸው ተቆጥተው መድረሻ ያጡት ያን ጊዜ ነው። በልጃቸው እንዳይቆጡ እውነቱን ነው። በሃዊ እንዳይቆጡ እውነቷን ነው። በአባታቸው እንዳይቆጡ አባታቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። ያ ሁሉ ቁጣ ዞሮ ዞሮ ራሳቸው ላይ አረፈ። እስኪያማቸው ድረስ ተናደዱ፤ በበጉ፣ በእልልታው፣ በዚያ ሌባ ባሉት ምስኪን ሰውዬ ነገር። ከዚያ ጃንጥላቸውን አስቀምጠው፣ «ሌላ ፕላስተር አለ?» ብለው ጠየቁ።

ናዝሬት አመጣች። መክሊት አያቷን ስታይ ተሸሸገች፤ አልፈርድባትም፣ ቀን ላይ የላጡባት እሳቸው ናቸው። አባብለው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ በሻከረ ጣታቸው ለጠፉላት። አለቀሰች፤ ልትልጠውም ታገለች። እሳቸው እጇን ይዘው፣ «አይዞሽ፣ ይህ ሰነፍ ዓይንሽ እስኪነቃ ነው» እያሉ አብረዋት ተቀመጡ።

ነገሩ በአንድ ጀምበር አልቀና። መክሊት ፕላስተሩ በተለጠፈ ቁጥር ከወንበር ጋር ትጋጭ፣ ትነጫነጭ ነበር። የሰፈሩ ሰው ልጅቷን ምን አደረጋችኋት ይላል፤ ቡዳ ነው የሚልም ነበር። አቶ እንደሻው በዚያ ክረምት ከግማሹ ሰፈር ጋር ተጣሉ ማለት ይቻላል። ክሊኒክም ሄደው ተመረመሩ፤ ሞራ አልነበረም። ሃዊ ግራ ዓይናቸው ከሕፃንነቱ የተተወ መሆኑንና አሁን እንደማይድን ስትነግራቸው፣ «ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ በይኛ» ብለው ወጡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ መንጃ ፈቃዱ መርማሪ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። የመክሊት ዓይን ግን ቀስ በቀስ መንቃት ጀመረ፤ በየቀጠሮው በመመርመሪያው ሰሌዳ ላይ አንድ አንድ መስመር ወደ ታች እየጨመረች ሥዕሎቹን መለየት ያዘች።

በጥቅምት የአቶ እንደሻው እህት ወይዘሮ አባይነሽ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና በጎበሳ ከተማ ደገሱ። አቶ እንደሻው መክሊትን አስከትለው ሄዱ። ምሳ ተበልቶ ሰው እንደ ጠገበ ወይዘሮ አባይነሽ ሕፃኗን ታቅፈው ወደ መሐል ወጡ።

«ዓይኗን እዩልኝ» አሉ። «ገና በጡት እያለች ዘሯን አሳየች።»

ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩት።

«ዋጡት» አሉ አቶ እንደሻው ከተቀመጡበት ተነስተው።

እልልታው ተቋረጠ። ወይዘሮ አባይነሽ ወንድማቸው የጠጣ መስሏቸው ነበር። አቶ እንደሻው ግን መዳፋቸውን ቀኝ ዓይናቸው ላይ ጭነው ቆሙ።

«አባይነሽ፣ አሁን አንቺን አላይሽም። ድምፅሽን ሰምቼ ነው እዚያ ነሽ የምለው። እንግዲህ የእነ ገብረ መድህን ዓይን ይህ ነው። እናንተም ሸፍናችሁ ሞክሩት።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ግን ሸፈነ። ግራ ዓይናቸው ከዘነበለው ዘመዶች መካከል ሁለት ሦስቱ ቀኝ ዓይናቸውን ሸፍነው ሳያወርዱ ቆዩ። ፊታቸው ሲለወጥ ይታያል።

አንድ አዛውንት፣ «እንዴ፣ አንተ ራስህ በዚህ ዓይን ስንት ዘመን ኖረህ የለም እንዴ?» አሏቸው።

«አልኖርኩበትም። በአንዱ ነው የኖርኩት፤ ሁለት ተሰጥቶኝ ሳለ። እግዚአብሔር ሁለት ሁለት ሰጠን፤ እኛ አንዱን እልል እያልን ቀበርነው። ልጄን ከምኞቱ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይህችን ሕፃን ግን አታስቀሯትም። ጨቅላ ዓይኑ ቢዋልል ያጋጥማል፤ መንፈቅ ሞልቶት ካልተስተካከለ ግን በሽታ ነው ብለውኛል። የእኛ ቤት ልጅ ደግሞ ያን ያህልም አይጠብቅም፤ አሴላ አምጥታችሁ ታስመረምራላችሁ። ዓይኑ ቀጥ ያለውም ትምህርት ቤት ሳይገባ ይመርመር፤ ልጅ አላይም ብሎ አይነግራችሁም፤ ማየት ማለት እንዲያ ይመስለዋል። በጊዜው ከሆነ መነጽርና አንዲት ፕላስተር ታድነዋለች። ፊደሉን ይለያል፣ ገደሉን ይለያል፣ ሲያድግ የፈለገውን ሥራ ይይዛል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኛ ግን ሲቃጠል በግ እናርዳለን።»

ወይዘሮ አባይነሽ ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «መቼ እናምጣት?» ብለው ጠየቁ።

ወደ አሴላ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አቶ እንደሻው አሁንም ቁጣቸው አልበረደም፤ ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ፊት ያያሉ። መክሊት በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። የፕላስተሯ ሰዓት ስለሆነ ቀኟ ተሸፍኗል፤ በግራዋ ብቻ ገብስ የታጨደበትን ማሳ ታያለች።

«አባባ፣ ያቺ ነጭ ላም ጥጃ አላት» አለች።

አቶ እንደሻው ዘወር አሉ። ቀኝ ዓይናቸውን እንደ እሷ ሸፈኑና በግራቸው ወደ ማሳው አዩ። ጭጋግ ብቻ ነው፤ ላምም የለም፣ ጥጃም የለም።

«አላት?» አሉ።

«አዎ፣ እየጠባ ነው።»

አቶ እንደሻው መዳፋቸውን ከዓይናቸው ላይ ሳያነሱ፣ «እሰይ የኔ ልጅ» አሉ። «ሌላስ ምን ይታይሻል? ንገሪኝ።»